ሁለት መቶ ሰጪ ፍለጋ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ወንበር፣ አዲስ ደብተር። ደብተሩን የገዛልኝ ባሌ ባባ ሲምዩ ነው። "ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስም ስትመዘግቢ ኖርሽ፤ እስቲ አሁን ደግሞ የራስሽን ጻፊ" ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝና ንቦቹን ሊያይ ወጣ።

ከዛሬ ጀምሮ የኬራቢ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ቢሮ ኃላፊ ነኝ። ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ተላላኪም እኔው ነኝ። መዝገብ ቤት መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ተቀምጬ ዲግሪ ሳድል ለኖርኩት ሴትዮ በር ያለው ክፍልና ስልክ ተሰጣት። መስኮትም አለው። የሚከፈተው ለአየር ብቻ ነው፤ ማንም ወረቀት ይዞ እጁን አያስገባበትም። ደስ ብሎኛል።

የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሙኮያ ጠርተው ሥራውን አስረዱኝ። መንግሥት የሚሰጠን በጀት በየዓመቱ እየሳሳ ስለሆነ ቋሚ ፈንድ ይቋቋማል። ዋናው ገንዘብ አይነካም፤ በትርፉ ችግረኛ ተማሪ ይማርበታል። የሚያዋጡት ተመራቂዎቻችን ናቸው።

"ማማ ሲምዩ፣ የገንዘቡ ብዛት አያስጨንቅዎት" አሉኝ። "አምሳ ሽልንግም ይሁን። እኔ የምፈልገው የሰው ቁጥር ነው። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ሁለት መቶ ሰጪ ካገኙ ቢሮው ይቀጥላል። ካላገኙ ቦርዱ ይዘጋዋል፤ እርስዎም ወደ መስኮትዎ ይመለሳሉ።"

ሠላሳ ሺህ ተመራቂ አለን። ከሠላሳ ሺህ ሁለት መቶ ምን አላት!

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

ሰጪዎች፦ ሦስት። እኔ፣ ባባ ሲምዩ እና ጄንትሪክስ።

ባባ ሲምዩ እዚህ አልተማረም። ጄንትሪክስ ደግሞ በእኔ ቦታ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ ስትሰጠኝ "እዚያ በር ያለው ቢሮ ሁለተኛ ሰው ሲያስፈልገው አይርሱኝ" አለችኝ። ገና በአራተኛ ቀኗ ነው መስኮቱ የሰለቻት።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11

ስልክ፣ ስልክ፣ ስልክ። ጆሮዬ ጋለ።

መዝገቡ ላይ ያለው አድራሻ የተማሪዎቹ አባቶች የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው። ስልክ ካለውም የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ስልክ ነው። አርባ ደወልኩ፣ አሥራ አንድ ሰው አነሳ። አሥራ አንዱም "ከኬራቢ ዩኒቨርሲቲ ነው" ስላቸው የመለሱልኝ አንድ ነገር ነው፦ "ማን ሞተ?"

አይፈረድባቸውም። እዚህ አገር የማይታወቅ ቁጥር በድሮ ትምህርት ቤት ስም ከደወለ ወይ ቀብር ነው ወይ ሆስፒታል። ማንም አልሞተም ስላቸው ግን ቅር ያላቸው መሰለኝ።

አንዱ ዶክተር ሆኗል፤ ኤልዶሬት ነው ያለው። "ታዲያ ማን ታመመ?" አለኝ።

"ማንም አልታመመም። ለቋሚ ፈንድ ነው። ገንዘቡ ይቀመጣል።"

"ይቀመጣል?"

"አይነካም። ትርፉ ብቻ ነው የሚነካው።"

ከዚያ በትሕትና፣ ለበሽተኛ እንደሚነግር ሰው ቀስ ብሎ፣ "ማማ፣ ባለፈው ወር ለክፍል ጓደኛችን የመዋጮ ሀራምቤ ጠርተን በሁለት ቀን አዋጣንለት። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቆሞ ከሆስፒታል ሲወጣ አየነው። የናንተን ማን ያየዋል?" አለኝ።

ትናንት ማታ ለባባ ሲምዩ ነገርኩት። "ቋሚ ፈንድ ማለት የምትታለብ እንጂ የማትታረድ ላም ናት በያቸው" አለኝ። ዛሬ ለአንዷ ነገርኳት። "ላሟስ ጥሩ ናት፤ ጠባቂው መንግሥት ነው እንጂ" ብላ ዘጋችብኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

ማታ ነው፤ ባባ ሲምዩ ተኝቷል። ብዙ የምጽፈው አለኝ።

ዛሬ ኪሱሙ ሄጄ ኢንጂነር ማኮካን አገኘሁት። መንገድ ሥራ ላይ ትልቅ ሰው ሆኗል። ሐይቁ ዳር ምሳ ጋበዘኝ፤ ሙሉ ዓሣ ከኡጋሊ ገንፎ ጋር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዓሣው ሳያልቅ ጉዳዬን ተናገርኩ።

ተቆጥቶ አይደለም የመለሰልኝ። እየሳቀ ነበር። "ማማ፣ እኔ የአራት ዓመት ትምህርት በስድስት ዓመት ነው የጨረስኩት። አስተማሪዎቹ አድማ ሲመቱ የአባቴን ከብት ስጠብቅ ነበር። ስመረቅ ደግሞ ለተመራቂዎች ማኅበር ተብሎ ሽልንግ ተቆረጠብኝ። ማኅበሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት ነህ ያለኝ የለም። የመጀመሪያው ስልክ የእርስዎ ነው፤ እሱም አምጣ የሚል።"

ያ የተቆረጠው ገንዘብ የት እንደገባ እኔም አላውቅም። እኔ የማውቀው ደረሰኙን ካላመጡ ቅጻቸውን አልቀበልም እንደነበር ብቻ ነው። ደንብ ነው።

"እርስዎ የት ክፍል ነበሩ?" አለኝ በመጨረሻ።

"መዝገብ ቤት" አልኩት።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሂሳቡን ጠራና ምንም ሳይጨምር እስከ ማታቱ ሚኒባሶቹ ፌርማታ ሸኘኝ። ዓሣው ግሩም ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 2

ሰጪዎች፦ ሃያ ዘጠኝ። አሥራ አንዱ የባባ ሲምዩ ዘመዶች ናቸው።

ጠዋት ማታቱ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ጆሮዬን ጣልኩ። አንደኛዋ ዲግሪዋን ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች ትናገራለች። "ማማ ነገን ታስታውሻታለሽ?" አለቻት። "ወረቀትሽን ገና ሳታየው፣ አንቺ ልጅ ማኅተም ይጎድልሻል፣ ነገ ነይ! የምትለዋን?" ድምፅዋን እያስመሰለች ስትናገር መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አስመሳይዋ ጎበዝ ነበረች።

ማን እንደሆነች እንጃ። በየቢሮው እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም።

አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። አየሩ ጥሩ ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ለፈንዱ የጠራነውን የትናንቱን ሀራምቤ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሦስት መቶ ወንበር ተደረደረ። ድንኳን ተተከለ፤ መድረክ መሪ ከነማይክሮፎኑ ተከራየን። ሩዝና ሥጋ ለሦስት መቶ ሰው። የመጡት አሥራ ስምንት ናቸው። መድረክ መሪው "እዚያ ጀርባ ያላችሁ ወደፊት ቅረቡ!" እያለ ሲጮህ ጀርባ ያለው ባዶ ወንበር ብቻ ነበር። ሰው ሲሰጥ ስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራል፣ ይጨበጨባል፤ የሀራምቤ ጣዕሙ ያ ነው። ለአሥራ ስምንት ሰው ግን ያጨበጨቡት ራሳቸው አሥራ ስምንቱ ናቸው።

እኔና ጄንትሪክስ ስንተያይ ሳቃችን አመለጠን። ምን እናድርግ! ሩዙን ለተማሪዎች ማደሪያ ላክነው፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ማታ ድረስ እየመረቁን ነው። ሁለት መቶ ሰጪ ባላገኝም አራት መቶ መራቂ አግኝቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም አለኝ። ሲያልቅ አንዲት አጭር ሴት ወደ እኔ መጥታ በሹክሹክታ፣ "ማማ፣ ብሰጥ ዲግሪዬን ትሰጡኛላችሁ?" አለችኝ።

"አልወሰድሽም እንዴ?"

"ከ2009 ጀምሮ እዚያው ነው ያለው። አንድ ማኅተም ጎድሎኝ።"

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ከጄንትሪክስ ቁልፍ ወስጄ የብረት ቁም ሣጥኖቹን ከፈትኩ። ሰዎቹ ያልወሰዱት ዲግሪ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ጄንትሪክስ "ሰዎቹ ዲግሪያቸውን አይፈልጉም እንዴ?" አለች። ልጅ ናት፤ አታውቅም። ተማሪ ሲጨርስ መውጫ ቅጽ ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ቤተ መጻሕፍት "መጽሐፍ የለበትም" ብሎ ማኅተም ይመታል፣ ማደሪያ "ፍራሽ አልወሰደም" ብሎ ይመታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አራት ማኅተም። አሥራ ሦስት ይዞ የመጣ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የቅጾቹ ቅጂ ከየዲግሪው ጋር ተያይዟል። የጎደለው ማኅተም በቀይ እርሳስ ተከቧል። አብዛኛው ቁጥር አሥራ ሁለት ነው፦ የስፖርት ክፍል። የስፖርት ክፍሉ ሚስተር ኦጉቱ ቢሮ የሚገባው ማክሰኞ ብቻ ነበር፤ እሱም ከገባ። ማክሰኞ ብቻ ግባ ያልኩት እኔ አይደለሁም።

"ማማ፣ ኳስ ነክተው የማያውቁ ልጆች ለምን የስፖርት ማኅተም ያስፈልጋቸዋል?" አለችኝ ጄንትሪክስ።

"ደንብ ነው" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የመሰለው ያቺን የማታቱዋን ሴት ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ሬጅስትራሩ ሚስተር ኦቲያቶ ዘንድ ገባሁ። የስፖርት ማኅተም የጎደላቸውን እንልቀቃቸው ብዬ ለመንኩት። የደንቡን መጽሐፍ አውጥቶ መነጽሩን አደረገና ገለጠ፣ ገለጠ፣ ገለጠ።

"ማማ ሲምዩ፣ ደንቡ የሚለው አሥራ አንድ ማኅተም ነው።"

"አሥራ አራት ነው።"

"አሥራ አንድ። ስፖርት የለም። መዘምራን የለም። የመኪና ማቆሚያም የለም። እነዚህን ሦስቱን ማን ጨመራቸው?"

"እንጃ፣ አሮጌ ነገር ነው" አልኩት።

እንጃ ማለት ውሸት አይደለም። በ1999 አሥር የሆኪ ዱላ ጠፍቶ ትልቅ ጭቅጭቅ ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ነበር የተወቀሰው። አንድ ሰው አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ወጣት ነበር።

ኦቲያቶ "ልቀቋቸው" ብሎ ፈረመ። ቤት ገብቼ ጓሮ ስቆፍር መሸብኝ። ባባ ሲምዩ "ድንች እያወጣሽ ነው ወይስ ሰው እየቀበርሽ?" ብሎ ቀለደብኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ስልካቸው አይሠራም፣ ፖስታቸው አይደርስም። ስለዚህ ራሴ ተሸክሜ አደርስላቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ባባ ሲምዩ "ጡረታ ወጥቼ ስሠራ የኖርኩት ሥራ ማጣት ነው፤ እኔም እመጣለሁ" አለ። ትናንት ዲግሪዎቹን በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ በእሱ የድሮ የደን ሠራተኛ ቦርሳ ይዘን፣ በማታቱም በሞተርም እየተሳፈርን፣ በየመንደሩ ስማቸውን እየጠየቅን ዞርን። ሰባት አደረስን።

አንዱ ቤት አባትየው ዲግሪውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ልጃቸው ሞምባሳ ነው ያለው። ዶሮ ካልታረደ አትሄዱም ብለው ግቢውን ዘጉብን። ዶሮውን በላን። ስለ ፈንዱ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ በዶሮ ሞላሁት።

እንዲህ ያለ ደስታ ከመቼ ወዲህ እንደተሰማኝ እንጃ። እግሬ አብጧል፤ ልቤ ግን ቅቤ ጠጥቷል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 10

ትናንት ፕራክሴዴስ ናሲኬን ገበያ ውስጥ አገኘናት። የግንባታ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም። በ2003 ነው የጨረሰችው፤ በመምህርነት።

ዲግሪዋን ከፕላስቲኩ አወጣሁላት። አየችው። ደንበኛ እየጠበቀ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለት ኪሎ ሚስማር መዝና ሸጠች። ከዚያ ተመልሳ "አሁን ምን ላድርገው?" አለችኝ።

ክፉ ብላ አይደለም። ከልቧ እየጠየቀችኝ ነበር።

የሴቶች ትምህርት ቤት ሊቀጥራት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ዲግሪሽን አምጪ አሏት። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለሰች። ማክሰኞ ማክሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ከእናቷ ጋር እህል ትሸጥ ነበር፤ ማክሰኞን አንዴ ስታገኝ ኦጉቱ የለም። ወሩ አለቀ፤ ሥራውን ለሌላ ሰጡት። "ለአንድ ዓመት ማንንም ማየት አልፈለግኩም ነበር" አለች። "ከዚያ ሚስማር መሸጥ ጀመርኩ።" ለሁለታችንም ሶዳ ከፈተችልን። ዲግሪውን ከቀለም ጣሳዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ ትንሽ ተጣመመ፣ ባባ ሲምዩ አቃናው።

ሳወራት ፊቴን ወደ ሚስማሮቹ አዙሬ ነበር። ሱቁ ውስጥ ብርሃኑ ደካማ ነው። ያወቀችኝ አይመስለኝም።

ስንመለስ ባባ ሲምዩ "ስለ ፈንዱ አልነገርሻትም" አለኝ።

"ረሳሁት።"

"አዎ" አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ያደረስነው፦ ስልሳ ሦስት። ሰጪዎች፦ ሰባ አራት፣ ከሳምንት በፊትም ሰባ አራት። መለመን ትቻለሁ። ሰው ቤት ዲግሪ ይዤ ገብቼ እጄን መዘርጋት ሞት ሆነብኝ።

ፕሮፌሰሩ ደወሉ። "ማማ፣ አሥር ቀን ቀረ።" አዎ አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ አራት ዲግሪ ጠቀለልኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ሰባ አራት።

ደብዳቤው ከሰዓት መጣ። ቢሮው ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፣ ለፈንዱ ገንዘብ ማሰባሰቡም ቆሟል። ሰኞ ወደ መስኮት ቁጥር ሦስት። ጄንትሪክስ ከኔ በላይ አዘነች፤ መስኮቱ ላይ አብረን ስለምንቀመጥ ነው መሰለኝ። እኔ እንደፈራሁት አልሆንኩም። የተከፋሁት ለሌላ ነገር ነው፦ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገና አምስት መቶ ሠላሳ ዲግሪ ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ይከለክለኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 2

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። በደስታ ይሁን በምን እንጃ።

አራት ሰዓት ላይ ሰልፉ ውስጥ ከተማሪዎቹ መሐል ፕራክሴዴስ ናሲኬን አየኋት። ተራዋን ጠብቃ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

"ቢሮዎ ተቆልፏል" አለችኝ።

"ተዘግቷል። ምን ልርዳሽ?"

"ፈንድ አለ ሲሉ ሰማሁ። ልሰጥ ነው የመጣሁት።"

ማንም ሳይደውልላት፣ ማንም ሳይለምናት በራሷ እግር የመጣች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ማሰባሰቡ ደግሞ ቆሟል፤ ደረሰኝ መቁረጥ አልችልም። "ነገ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጥኳት። ለጄንትሪክስ መስኮቱን ሰጥቼ ከወንበሬ ተነሳሁና ፕራክሴዴስን ይዤ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄድኩ።

ጸሐፊው "ስብሰባ ላይ ናቸው" አለን። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። አግዳሚው ይቆረቁራል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ተቀምጬበት አላውቅም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቃተኝ።

"ፕራክሴዴስ፣ የስፖርቱ ማኅተም ደንቡ ላይ አልነበረም" አልኳት። "እኔ ነኝ የጨመርኩት። የሆኪ ዱላ ጠፍቶ ተቆጥተውኝ፣ ሁለተኛ እንዳይቆጡኝ ብዬ። ያን ጊዜ አንቺን የመለስኩሽም እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"ቅጹ ከታች 'አዘጋጅ' ይላል፤ ስምዎና ፊርማዎ አለበት እኮ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳየው ነው የኖርኩት። ሱቄ ሲገቡ ገና በሩ ላይ ነው ያወቅኩዎት።"

ሶዳ የከፈተችልኝ እያወቀችኝ ነው! ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። "ታዲያ ለምን መጣሽ?" አልኳት።

"የመለሰኝ ሰው ብዙ ነው" አለች። "ስህተቱን ተሸክሞ እቤቴ ድረስ የመጣ ግን ከእርስዎ በቀር የለም። ደግሞ እንደዚያ እንደ ተሸማቀቁ አንዴም አልለመኑኝ። ቢለምኑኝ ኖሮ አልሰጥም ነበር።"

አለቀስኩ። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እያየኝ። መሐረቧን ሰጠችኝ።

በሩ ተከፈተና ፕሮፌሰር ሙኮያ ወጡ። እኔን ሲያዩ ደነገጡ። ነገሩን ነገርኳቸው። "ማማ ሲምዩ፣ ቢሮው ተዘግቷል እኮ" አሉ። "እኅቴ፣ ይቅርታ፣ ቦርዱ እስኪሰበሰብ..."

"እጠብቃለሁ" አለቻቸው ፕራክሴዴስ፣ እግሯን አጣጥፋ። "እዚህ ግቢ በደንብ የተማርኩት መጠበቅ ነው።"

ፕሮፌሰሩ ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። ገብተው ስልክ ደወሉ። ሲመለሱ ቦርዱ ቢሮውን እስከ ጁን እንደፈቀደ ነገሩን፤ ያ በር ያለው ክፍል ግን ለሌላ ተሰጥቷል። አልፈልገውም አልኳቸው። ቢሮውን መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ አድርጉልኝ፤ የቀድሞ ተማሪ ማለት ነገ የሚወጣው ነው፣ እኔ የማገኘው ደግሞ እዚያ ነው አልኳቸው። እሺ አሉ።

ሰባ አምስተኛዋን መዘገብኳት። ከዚያ ማታ እራት ሳልበላ አዲሱን የመውጫ ቅጽ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ማኅተም። ከታች "አዘጋጅ" ከሚለው ጎን ስሜን ጽፌ ፈረምኩበት።